ሬሳ የሌለው ለቅሶ

ማቴዎስ ኦይታ ሙዚቃ ሊማር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት የመጀመሪያው የሃርመኒ የቤት ሥራው ከላይ እስከ ታች ቀልቶ ተመለሰለት። አስተማሪው አቶ ይፍሩ ቡልጋሪያ ተምረው የመጡ፣ ቁመታቸው አጠር፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ሲቆጡ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም፤ ቀይ እስክሪብቷቸው ይቆጣላቸዋል። ማቴዎስ በጻፋቸው ድምፆች መሀል እያሰመሩ ወረዱና ከግርጌው «ትይዩ አምስተኛ፤ አይፈቀድም» ብለው ጻፉበት። ሁለት ድምፆች በአምስት እርከን ተራርቀው እኩል ሲወጡና እኩል ሲወርዱ ማለት ነው። በኮሌጁ ይህ እንደ ሰዋስው ግድፈት የሚታይ ነገር ነው። ማቴዎስ ግን ሁለት ሰው አብሮ ሲዘፍን ከዚህ ሌላ እንዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር።

ያደገው አርባ ምንጭ፣ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ ነው። አባቱ ኦይታ ከዶርዜ ተራራ ወርደው ሲቀላ ቤት የሠሩ ሸማኔ ናቸው። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ልክነሽ ናት። እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ አባትየው ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው መወርወሪያውን ከእጅ እጅ ያቀባብላሉ፣ እሱ ደግሞ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያጠናል። ከላይ ከተራራው ሰው ሞተ የሚል ወሬ የመጣ ቀን ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ኦይታ የጀመሩትን ሸማ እንደተወጠረ ትተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ልጃቸውን አስከትለው ሽቅብ ይወጣሉ።

እዚያ፣ ከቀርከሃው ጥግ ባለው የለቅሶ ሜዳ፣ ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ። አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከታች ወፍራሙን ድምፅ ሳያቋርጡ የሚይዙ አሉ፤ ከላይ አጭር ጥሪ የሚወረውሩ አሉ፤ በመሀል ሌላው ትንፋሽ ሲወስድ ብቻ የሚገቡ አሉ። ሁሉም ቦታውን ያውቃል፤ ማን አጠገብ እንደሚቆምም ያውቃል፤ ምክንያቱም የራሱን ድምፅ የሚያገኘው የጎረቤቱን ሰምቶ ነው። የኦይታ ድምፅ ከላይ የሚወርድ ነበር። ማቴዎስ ድምፁ ከጎረነነ ጀምሮ በአባቱ ግራ ቆሞ ከእሳቸው ዝቅ ብሎ እየተከተለ ተቀብሏል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ቆሞ ነው የለመደው።

በቀበሌው ኪነት አኮርዲዮን መጫወት ስለተማረ፣ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ኮሌጁ በመግቢያ ፈተና ተቀበለው። ጊዜው ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ያ ቀይ ወረቀት ያሳፈረው ልጅ ማጥናት ጀመረ። ቶኒክ የሚሉት መነሻ ድምፅ ወደ አምስተኛው፣ ወደ ዶሚናንት፣ እንዴት እንደሚሄድ፣ መሪው ድምፅ የት ማረፍ እንዳለበት፣ ከኮርዱ፣ ባንድነት ከሚሰሙት ድምፆች፣ ውጭ የሆነ ድምፅ እንዴት ተዘጋጅቶ ገብቶ እንዴት እንደሚፈታ፣ ሁሉንም እንደ ዳዊት ሸመደደ። በሁለተኛው ዓመት አቶ ይፍሩ ወረቀቱን ሲመልሱለት ቀይ መስመር ፈልገው እንዳጡ ሁሉ ፈገግ ይሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ለገና ዕረፍት ሲመጣ ተራራው ላይ ለቅሶ ነበረና ከአባቱ ጋር ወጣ። ወንዶቹ ሲጀምሩ ግን አንድ እንግዳ ነገር ገጠመው። ጆሮው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ መጥቷል። እዚህ ትይዩ አምስተኛ፣ እዚያ ያልተፈታ ሁለተኛ፣ ይሄኛው ደግሞ ከየትኛውም ኮርድ ያልሆነ። አፉ ይቀበላል፤ ጆሮው ያርማል። ቤት ሲመለሱ ልክነሽ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው ብላ ስትወተውተው፣ ሰዎቹ ተሳስተው እንደሚዘፍኑ ነገራት። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ለአባቷ ተናገረችበት። ኦይታ መወርወሪያቸውን እንደያዙ ትንሽ አሰቡ።

«ሟቹ ግን ቅር አላለውም» አሉ።

ሦስቱም ሳቁ። ማቴዎስም ሳቀ፤ ግን ውስጡ አባቱን እንደ መናቅ ያለ ነገር እንደበቀለ ተሰምቶት ራሱን ጠላ።

ነገሩ የተገለበጠው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ከፍተኛውን ሃርመኒና ዘመናዊውን የድርሰት ስልት የሚማሩት ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። አቶ ይፍሩ የመጀመሪያውን ቀን ፒያኖው ላይ ተቀምጠው፣ እስከ ዛሬ የከለከልኳችሁን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እፈቅድላችኋለሁ ብለው ጀመሩ። በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የአውሮፓ ደራሲዎች ሕጉን እንደ ጠበበ ልብስ አውልቀው ጥለውታል አሉ። ሁለት ስኬል፣ ሁለት የድምፅ መሰላል፣ ባንድ ላይ የሚያስኬዱ አሉ። አሥራ ሁለቱንም ድምፆች እኩል አድርገው አለቃና ምንዝር የሚያጠፉ አሉ። ጎን ለጎን ያሉ ድምፆችን አጭቀው ባንድ ጊዜ የሚያሰሙ አሉ፤ ክላስተር ይሉታል። ይህን ብለው የግራ እጃቸውን ወፍራሙ ድምፅ ላይ አሳርፈው በቀኛቸው የተቀራረቡ ድምፆችን ከላይ ጫኑበት።

ማቴዎስ ፒያኖው ውስጥ የዶርዜ ወንዶች ተሰልፈው ያያቸው መሰለው።

እጁን አውጥቶ፣ በእኛ አገር የሚለቀሰው እንዲህ ነው አለ። አቶ ይፍሩ እጃቸውን ከፒያኖው ሳያነሡ ዞረው አዩትና እስቲ ዝፈነው አሉት። የራሱን ድምፅ ብቻ ዘፈነ። ብቻውን ሲሰማ ምንም አይመስልም፤ ከአንድ ቦታ የማይነቃነቅ፣ ግማሹ ትንፋሽ የሆነ ነገር ነው። ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ። አቶ ይፍሩ ግን አልሳቁም። ሁሉንም ድምፆች በቴፕ ቀድተህ አምጣልኝ፤ የመመረቂያ ሥራህ ይሄ ይሆናል አሉት።

ቴፕ ተውሶ አርባ ምንጭ ወረደ። ኦይታ ሲለምናቸው አልተቆጡም፤ ያልገባቸው ነው የመሰሉት። የመስቀሉን ልዝፈንልህ፣ የመስቀሉ ደስ ይላል፣ ሰዎችም እጠራልሃለሁ አሉት። ማቴዎስ ግን የመስቀሉን አልፈለገውም። የመስቀሉ ዘፈን ድምፆች ተስማምተው ነው የሚሄዱት፤ እሱ የሚፈልገው ያን የሚፋጨውን፣ የሚቧጥጠውን ነበር።

«የለቅሶውን ነው የምፈልገው፣ አባዬ።»

«እሱ ሰው ሲሞት ነው» አሉ ኦይታ።

በዚያ ሳምንት ሰው ሞተ። ሀይሌ የሚባሉ፣ የኦይታ የልጅነት ጓደኛ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ማቴዎስ ቴፑን ከጋቢው ሥር ደረቱ ላይ አስሮ በአባቱ ግራ ቆመ። የራሱ ድምፅ ማይኩን እንዳይሸፍነው እየፈራ እምብዛም አልተቀበለም። ሲወርዱ አባቱ መንገድ ላይ፣ ዛሬ ድምፅህ የት ሄደ ብለው ጠየቁት። ብርድ መታኝ አለ። ኦይታም የጋቢያቸውን ጫፍ አውጥተው አንገቱን ጠቀለሉለት።

ያን የቴፕ ክር አዲስ አበባ ይዞት ተመለሰና ወራት ሙሉ ኖታ ላይ አሰፈረው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያስብበት የኖረውን ነገር አሁን እንደ ሐኪም ከፍቶ ያየው ጀመር። የትኛው ድምፅ የትኛውን ይጠብቃል፣ መቼ ይጠጋጋሉ፣ መቼ ይሸሻሉ። ስምንት ዘፋኞችና አራት ባለ አውታር መሣሪያዎች እንዲጫወቱት አድርጎ ጻፈው። የተጨመረበት ብዙ አልነበረም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ወንዶቹ ለረጅም ጊዜ ሲፋጩ ቆይተው በመጨረሻ ሁሉም አንድ ድምፅ ላይ የሚያርፉበት፣ እዚያ ላይ የራሱን ድምፅ በግማሽ እርከን ከፍ አደረገው። ዕረፍቱ እንዳይመጣ ከለከለው። አቶ ይፍሩ ኖታውን ሲያነቡ እዚያ ጋ ጣታቸውን አቆሙ።

«እስከዚህ ድረስ የአባቶችህ ነው» አሉ። «ከዚህ ጀምሮ አንተ ነህ።»

በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ የተመሰገነበት ቀን አልነበረም።

በሰማንያ ስምንት ግንቦት ተመራቂዎቹ ሥራዎቻቸውን ይዘው ወደ የክፍለ ሀገሩ ሲወጡ የማቴዎስ ተራ አርባ ምንጭ ደረሰ። ዝግጅቱ ከዳገቱ በላይ ባለው የከተማው ሰፈር፣ በሴቻ፣ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የዞን ባለሥልጣናት ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከከተማው የውኃ ቴክኖሎጂ ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የሲቀላ ሸማኔዎችና የገበያ ሴቶች የኦይታ ልጅ ሙዚቃ ሊያሳይ ነው ብለው በታክሲም በእግርም ዳገቱን ወጥተው ኋላውን ሞልተውታል። ኦይታ ራሳቸው የሠሩትን አዲስ ጋቢ ለብሰው መጥተዋል። ከጎናቸው ልክነሽ አለች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ በምትባል መንደር ሙዝ የሚያለማ ካሱ የሚባል ሰው አግብታ፣ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ፀንሳ ነበር። ካሱ በበኩሉ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ ስለማያውቅ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይዞታል።

ማቴዎስ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ እጁን አነሳ። የአባቱን ድምፅ የያዘው ጌዲዮን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ከላይ ወረደ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ቫዮሊኖቹ ከሥር መቧጠጥ ጀመሩ።

መጀመሪያ ከኋላ የሆነ ድምፅ ሲሰማ ልጅ ያለቀሰ መሰለው። ከዚያ የሴት ዋይታ ሆነ። ሻሺቱ ናት፤ ሲቀላ ቅቤ የምትሸጥ፣ ባሏን ባለፈው ዓመት የቀበረች ጎረቤታቸው። ተነሥታ ደረቷን እየመታች ማን ነው፣ ማን ነው የሞተው እያለች አጠገቧ ያሉትን ትጠይቃለች። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ተቀበሏት። አንድ ሽማግሌ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ውጭ ወጣ፤ የሟቹን ቤት ሊጠይቅ። አስተናጋጆቹ ሴቶቹን ደግፈው ሲያወጧቸው ወንበር ተንኳኳ። ማቴዎስ እጁን አላወረደም። ዋይታው በትክክለኛው ቦታ ነው የገባው ብሎ አሰበ። ኋላ ላይ ራሱን ይቅር ሊል ያቃተው በዚህች ሐሳብ ነበር።

ጭብጨባው ረጅም ነበር። ከባለሥልጣናቱ አንዱ ተነሥተው ባህልን ስለ መጠበቅ ንግግር አደረጉ። አቶ ይፍሩ መጥተው አቀፉት። ማቴዎስ አባቱን ሲፈልግ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ አገኘው። ከበሩ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ቆመው ነበር፤ ልክነሽና ካሱ ትንሽ ራቅ ብለዋል።

«ማን ነው የሞተው?» አሉት በጋሞኛ።

«ማንም አልሞተም፣ አባዬ። ሙዚቃ ነው።»

«ሻሺቱ አልቅሳ ሄደች። ለማን እንዳለቀሰች ሂድና ንገራት።»

ኦይታ ወደ አዳራሹ በር ሲያዩ ቆዩና፣ የእኔን ድምፅ የያዘው ልጅ ማን ይባላል ብለው ጠየቁ። ጌዲዮን ይባላል አላቸው።

«ጥሩ አድርጎ ዘፈነ» አሉ። በምሬት አልነበረም የተናገሩት፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። ከዚያ ብቻቸውን ቁልቁል ወደ ሲቀላ ወረዱ።

ልክነሽ ቀርታ አጽናናችው። አባዬ ይረሳዋል፣ ለእኔ አምሮኛል፣ ሆዴ ውስጥ ያለውም ሲንፈራገጥ ነበር አለችው። ሐምሌ ላይ ተመረቀ። ኮሌጁ ረዳት አስተማሪ አድርጎ አስቀረው፤ አቶ ይፍሩ ውጭ አገር የሚማርበትን መንገድ ያፈላልጉለት ጀመር።

ክረምቱ እንዳለፈ፣ የጫኖ ቦዮች ሞልተው በሙዙ ሥር ውኃ በሚተኛበት ወቅት፣ ልክነሽን ወባ ያዛት። ካሱ ከጤና ጣቢያ ክኒን አምጥቶ አስዋጣት። ትኩሳቱ ወረደና ተመለሰ። በጋሪ እስከ አስፋልት፣ ከአስፋልት በመኪና ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። መውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር፤ ሁለቱም አልተረፉም።

ማቴዎስ ክፍል ውስጥ ለአዲስ ተማሪዎች ትይዩ አምስተኛ ለምን እንደማይፈቀድ እያስረዳ ነበር። አቶ ይፍሩ በሩ ላይ ቆመው ጠሩት። ከአርባ ምንጭ ተደውሏል፣ እህትህን ትንሽ አሟታል፣ ብትሄድ ይሻላል አሉት። የራሳቸውን ካፖርት በእጃቸው ይዘውለት ነበር። መንገዱ ይበርዳል አሉ። የመመረቂያ ሥራውን የተጫወተችለት፣ ኖላዊት የምትባለው ቫዮሊን ተጫዋችም ቦርሳዋን አንግታ ከኋላቸው ቆማ ስላየ፣ አብራው ልትሄድ እንደተዘጋጀች ገባው። ትንሽ ለታመመ ሰው ይህ ሁሉ አይደረግም። ካፖርቱን ተቀብሎ ለበሰ። አንድም ነገር አልጠየቀም፤ አርባ ምንጭ እስኪደርሱም፣ ሻሸመኔንና ሶዶን ሲያልፉም፣ ኖላዊት እጁን ይዛው ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ነበር።

የደረሰው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነበር። ኦይታ ልጃቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። እሱ ግን እንባው አልመጣም። ድንጋጤው ነው፣ ይመጣልሃል አሉት ሰዎች።

የኦይታ ዘመዶች በተራራው ለልክነሽ ለቅሶ ሲያወጡ በአይሱዙ ተጭነው ሽቅብ ሄዱ። ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ወርዶ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ወንዶቹ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ማቴዎስ ገለል ብሎ ቆመ። አባቱ ግን ዞር ብለው አዩትና ከግራቸው ክፍት ቦታ ተዉለት። ሄዶ ቆመ።

ዘፈኑ ሲጀመር የፈራው ነገር ደረሰ። እህቱን ሊያስባት ይፈልጋል፤ ጆሮው ግን ኖታውን ይገልጣል። ይሄ የመጀመሪያው ገጽ ነው። አሁን ቤዞቹ ይገባሉ። ይህን ክላስተር ለሁለተኛ ቫዮሊንና ለቪዮላ ነበር የሰጠሁት። ልክነሽን፣ ፊቷን፣ ጥጥ የያዙ ጣቶቿን ለማየት ዓይኑን ጨፈነ። ጨለማው ውስጥ አምስት መስመሮች ብቻ ነበሩ። አፉ በልማድ እየተቀበለ ነበር፤ ከአባቱ ዝቅ ብሎ፣ እየተከተለ። ወንዶቹ ሁሉ ወደዚያ የመጨረሻ ድምፅ መጡ፤ ወደ ማረፊያው። ማቴዎስ እዚያ ሲደርስ ድምፁ በግማሽ እርከን ከፍ አለ።

ሆን ብሎ አላደረገውም። አዲስ አበባ ዘፋኞቹን ወራት ሙሉ ያለማመዳቸው እንዲያ ነበርና ጉሮሮው እዚያው ሄደ።

ከጎኑ ያለው ሰው የማቴዎስን ድምፅ ሰምቶ የሚያርፍ ነበርና ማረፊያውን አጣ። እሱ ሲያጣ ቀጣዩም አጣ። ወፍራሞቹ ትንሽ ጸንተው ቆዩና እነሱም ተበተኑ። ዘፈኑ እንደ ተበጠሰ ድር እዚህም እዚያም ተንጠልጥሎ ቆመ። ሜዳው ላይ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ካሱ በዘመድ ተደግፎ ከቆመበት ቀና ብሎ ምን እንደተፈጠረ ሊረዳ ወዲያና ወዲህ አየ። ኦይታ ወደ ልጃቸው አልዞሩም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከመጀመሪያው፣ ብቻቸውን፣ እንደገና አወጡ።

ወንዶቹ ተቀበሏቸው። ማቴዎስ አፉን ዘግቶ እስከ መጨረሻው እዚያው ሰልፉ ውስጥ ቆመ። ሲወርዱ አባቱ መኪናው ላይ አጠገቡ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ያም ከወቀሳ ይልቅ ከበደው።

ጫኖም ሲቀላም፣ ልክነሽን የወሰዳት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሬሳ ሳይኖር የተዘፈነው ለቅሶ ነው የሚሉ ነበሩ። ማቴዎስ ይህን አላመነም። ነርሷን ጠይቆ፣ የዚያን ዓመት ወባ ክኒኑን እየለመደው እንደነበር፣ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ እንደሚብስ ነግራዋለች። የሱ ሐዘን ሌላ ነው። እህቱ ሞታ ለእሷ የሚያለቅስበት ነገር አልነበረውም። የነበረውን አስቀድሞ ለአዳራሹ ሠርቶበታል።

አዲስ አበባ አልተመለሰም። ኖላዊትን አውቶቡስ አሳፍሮ፣ ሴቻ ወጥቶ ከቴሌ ለአቶ ይፍሩ ደወለ። እሳቸው ብዙ ለመኑት። ሐዘን ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር አይወሰንም፤ ቦታህን አቆይልሃለሁ አሉ። በመጨረሻ ሌላ ነገር ጠየቁት።

«ያስተማርኩህ ነው የጎዳህ?»

«አይደለም፣ ጋሼ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር። የቱ የእነሱ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

ኖታው አቶ ይፍሩ ዘንድ ቀረ።

ማቴዎስ ሴቻ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ አገኘ። ልጆች ባንድ ድምፅ የሚዘፍኗቸውን ቀላል መዝሙሮች ያስተምራል፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፉን ያስተካክላል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቀላ ወርዶ ለአባቱ ማግ ያጠነጥናል። የኦይታ ዓይን እየደከመ ስለመጣ የተበጠሰ ክር የሚቀጥልላቸው እሱ ነው። ስለዚያ ቀን አላወሩም። ተራራው ላይ ሰው ሲሞት ኦይታ፣ ልሄድ ነው ይሉታል፤ እሱም እስከ መኪናው ይሸኛቸዋል። ና ብለውት አያውቁም፤ አትምጣም ብለውት አያውቁም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ መምህራን የት ተማርክ ሲሉት ሙዚቃ ትንሽ ሞክሬ ነበር ይላቸዋል። ፒያኖ ከነካ ዓመታት አልፈዋል። ሬዲዮ ላይ ዘፈን ሲከፈት ኮርዱን ስሙን ሳይጠራ ለማለፍ ይታገላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካለትም።

በዘጠና አንድ፣ በበጋው መሀል፣ ካሱ ሲቀላ መጣ። የሙዝ ዘለላ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሙዙን ጥግ አስቀምጦ ኦይታ ፊት ተቀመጠ። ቲጂ የምትባል ሴት ሊያገባ ነው፤ የእሳቸውን ምርቃት ሳይቀበል ማግባት አልፈለገም። ኦይታ ከጉድጓዱ ወጥተው እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ልጅ ይስጥህ አሉት።

ማቴዎስ ሊሸኘው ወጣ። ፀሐዩ በርትቶ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ካሱ ስለ ሙዙ፣ ስለ ኩልፎ ወንዝ ውኃ መቀነስ፣ ስለ ጋሪው ፈረስ ሲያወራ ቆየና መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ሲደርሱ ፊቱን አዙሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር የመጣሁት አለ።

«ድምፅዋ ጠፋኝ፣ ማቲ። ፊቷ አለ። የምትለብሰው አለ። ድምፅዋን ግን ብፈልግ ብፈልግ የለም። አንተ ድምፅ ታውቃለህ። እንዴት ነበር?»

ማቴዎስ ቆም ብሎ አሰበ። ወፍራም ነበር አለው፤ ከጠባይዋ የማይጠበቅ ወፍራም። ስትጠራህ ዝቅ ብላ ትጀምርና መጨረሻው ላይ ከፍ ታደርገዋለች፣ የምትጠይቅ ይመስል። ስትስቅ መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የሚወጣው፣ ድምፁ ቆይቶ ነው የሚከተለው። ስትደክም ደግሞ ቃሉን ሳትጨርስ ትተወዋለች። ይህን ሲናገር ድምፁን ራሱ ወደዚያ እያወረደ፣ ስሙን፣ ካሱ የሚለውን፣ እሷ ትለው በነበረው ዜማ አሰማው።

ካሱ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«አዎ» አለ። «አዎ፣ እሱ ነው።»

መኪናው መጣና ገባ። በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ሲያውለበልብ ፊቱ ቀልሎት ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው። ማቴዎስ አቧራው እስኪያልፍ ጠብቆ ወደ ቤት ዞረ። ጥቂት እንደሄደ የካሱን ስም በዚያው ዜማ ለራሱ ደገመው፤ ከዚያም እንደገና። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ይነሣል፤ ልክ ነው፣ ያምራል። እሷ እንዲያ ትል እንደነበር ግን እርግጠኛ አልነበረም። እሱ ራሱ ሠርቶት ሊሆን ይችላል። መንገዱ ዳር ቆመና ማቲ ብላ ስትጠራው ለመስማት ሞከረ፤ ከሩቅ የሽመና እንጨት ይሰማል፣ መኪና ይሰማል፣ ሌላ ነገር አልነበረም።